የአባቴ የሐጅ ገንዘብና የኢንጂነሩ ሰሌዳ

ሰው መጠየቅ አላፍርም። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «የዚች ልጅ ጥያቄ ሰው ያስረጃል» ትል ነበር። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ከየት መጣ፣ መቼ ተነቀለ፣ ለምን ረጠበ ሳልል አልገዛም። ያን ዓመት ግን መጠየቅ በነበረብኝ ቀን አፌን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ይባስ ብዬም አጨበጨብኩ። በዚያ ጭብጨባ የአባቴን ሐጅ ላስቀር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነበር፤ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ዲዛይን ክፍል። ቤታችን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስለሆነ ጠዋት በሠራተኛ አውቶቡስ እወርድ፣ ማታ እወጣ ነበር። ደሴ ላይ ሹራብ በሹራብ ደርቤ እሳፈራለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ስንጨርስ አንዱን አወልቃለሁ፣ ፋብሪካው በር ስደርስ ሌላውን። ማታ ደግሞ ሲወጡ እየደረቡ መሄድ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳወልቅና ስደርብ ኖርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰዓሊው ለአንሶላ የሚሆን አበባ ይሥልና ለኛ ይሰጠናል። እኛ አራት ሴቶች ነበርን። አበባውን በየቀለሙ እንለያየዋለን። ቀዩን ክፍል ብቻ በአንድ ስስ ፊልም ላይ፣ ቅጠሉን በሌላ፣ ግንዱን በሌላ አድርገን በቀጭን ብሩሽ እንገለብጣለን። በየፊልሙ ላይ ብርሃን ይበራና ከእያንዳንዱ አንድ አንድ የማተሚያ ወንፊት ይሠራል። አንዱ ከሌላው የፀጉር ያህል ከተዛነፈ አንሶላው ላይ ቅጠሉ ከአበባው ይሸሻል፤ አለቃችን ይጮኻል፤ እንደ አዲስ እንጀምራለን። አንድ አበባ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከሥራ ስወጣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የበተኑብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። ዓይኔ ደከመ ያለች ሴት ነገ ወደ ጽዳት ክፍል እንደምትዛወር አውቃለሁ።

ቅይጥ ኢኮኖሚ የሚባለው የታወጀበት ሰሞን ነው። እስከ ትናንት ከበርቴ ማለት ስድብ በነበረበት አገር፣ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን አውጥቶ ይሥራ ተባለ። ሰዉ አላመነም፤ ማን ምን እንዳለው ሊያውቁ ፈልገው ነው የሚልም ነበር። በዚያ ላይ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፈው የወታደር መኪና ማባሪያ አልነበረውም። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ አንድ ኢንጂነር የመንግሥት ሥራውን ለቅቆ ኮምቦልቻ ላይ ኩባንያ አቋቁማለሁ ብሎ የተነሣው እንግዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ድፍረቱ ያስቀናል።

ፋብሪካችን አዳራሽ ድረስ መጥቶ ሠራተኛውን ሰበሰበ። ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር አስቀመጠ። እኔ ኮምፒዩተር በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ይሄ ብቻውን ፊደልና ቁጥር ነው የሚያሳየው» አለን። «ሥዕል በቀለም እንዲያሳይ ውስጡ የሚገባ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። እኛ የምንሠራው ሰሌዳውን ነው።» መዳፍ የምታክል፣ ጥቋቁር ፍሬዎች የተበየዱባት አረንጓዴ ነገር አንሥቶ አሳየን። ከዚያ አንድ ነገር ሲነካ ስክሪኑ ላይ ቀይ አበባ ወጣ። ሌላ ሲነካ አበባው ሰማያዊ ሆነ። በቃ፣ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም። እኔ ለዚያች ለውጥ ሦስት ሳምንት ጎብጬ ነው የምቀመጠው። ሰውየው የኩባንያውን ድርሻ መግዛት የምትፈልጉ ኑ ሲል እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳችን ላይ ከስፌት መኪናው ጋር ተቀምጦ የሰፈሩን ሱሪ ሲያጠብና ሲያሰፋ ዕድሜውን ጨርሷል። ለሐጅ ማጠራቀም የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ያኔ ደግሞ ሐጅ ገንዘብ ስላለህ ብቻ የምትሄደው አይደለም፤ የሚፈቀድለት ሰው ጥቂት ስለሆነ ተራ ይጠበቃል። ያን ዓመት ስሙ ወጣለት። ክፍያውን እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስገባ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። በሰባ ዓመቱ ሁለተኛ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የለም።

እኔ በዚያው ሳምንት ስለ ኢንጂነሩ ሰሌዳ አፌ እስኪደርቅ አወራሁለት። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ «ያ ሰውዬ ድርሻ ይሸጣል አላልሽም?» አለኝ።

«አዎ።»

«የሐጁን ገንዘብ እዚያ ላስገባው አስቤያለሁ።»

የቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። ፊቱን ሳየው ቀልድ አይደለም። «ምን ነካህ አባዬ? ዕድሜ ልክህን ያጠራቀምከውን ለማታውቀው ሰው? በስተርጅና ገንዘብ አማረህ?» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም ነበር። ብርጭቆዬን ሳስቀምጥ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሱ ግን የራሱን ሻይ ጠጥቶ ጨረሰና፣ «ሳንጠይቅማ አንሰጥም። ልጅ ስንድር ጠይቀን አይደል?» ብሎ ወደ ስፌቱ ሄደ።

ያለውም አልቀረ፣ ሽማግሌ ያዘ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ቄስ ናቸው። ከአባቴ ጋር የወጣትነት ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ እየተጠባበቁ አብረው የሚሄዱ ዓይነት። በሰፈራችን እሳቸው ያልተቀመጡበት የጋብቻ ሽምግልና የለም። አባቴ ነገሩን ሲነግራቸው፣ «እሺ፣ እኔ ሙሽራውን፣ ኢንጂነሩን፣ እጠይቃለሁ፤ የዕቃውን ነገር ልጅህ ትጠይቅ፤ አንተ ዝም በል። የልጅቷ አባት ዝም ነው የሚለው» አሉት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስታችን ተሳፍረን ኮምቦልቻ ወረድን።

ኢንጂነሩ የተከራየው ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ተጠርጓል፣ ግድግዳው ግን አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ወንበር አወጣልን። ቄሱ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ወላጆችህ እነማን ናቸው? የት ነው ያደግኸው?» ብለው ጀመሩ።

«አባ፣ ስለ ኩባንያው መስሎኝ…»

«እሱን እንደርስበታለን።»

አዲስ አበባ ተወልዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ከዚያ ውጭ የሄደ መሆኑን ነገራቸው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያልጣማቸው ይመስላል። ከዚያ ግን እኔ ያልጠበቅሁትን መጠየቅ ጀመሩ።

«ይቺን ሰሌዳ አንተ ወለድካት ወይስ አመጣሃት?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ጥቋቁሮቹ ፍሬዎች ከውጭ ነው የሚመጡት። እነሱን በዚህ አገር የሚሠራ የለም። አቀማመጣቸውን የነደፍነውና የበየድነው ግን እኛ ነን። ሥዕሉን የሚያዘውን ፕሮግራምም እኛው ጻፍነው።»

«ፍሬዎቹ ባይመጡስ?»

«የስምንት ሰሌዳ ያህል በእጃችን አለ። ከዚያ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ካልተገኘ እንቆማለን።»

«ከናንተ የተሻለ የሚሠራ የለም?»

«ሞልቷል። እኛ ይቺን ስንጨርስ እነሱ ከሷ የምትበልጥ ሦስት ሠርተዋል።»

«ታዲያ ማን ይገዛሃል?»

«ከነሱ መግዛት የማይችል ሁሉ፣ አባ። አገሩ ሙሉ።»

«እሺ። ከዚህ አገር ሙሉ ሰው እስከ ዛሬ እገዛለሁ ያለህ ስንት ነው?»

«አንድ ፋብሪካ።» አንገቱን ደፋ። «የነሱ።» ወደ እኔ ጠቆመ።

«አንተ ብትታመም ማን ይሠራዋል?»

«ጓደኛዬ ግማሹን ያውቃል። ግማሹ ይቆማል።»

ቄሱ ወደ አባቴ ዞር አሉ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሰውየው አንዱንም አለመሸፋፈኑ ደስ ብሎኛል፤ ከዋሸ እንደምይዘው ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ተራዬ ደረሰ።

«አበባው ከስክሪኑ ወርዶ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው በምንድን ነው?» አልኩት።

አዳራሹ ውስጥ መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነበር። ኢንጂነሩ ግንባሩን ጠረገ። «ገንዘቡ የሚያስፈልገን ለሱ ነው። በቀለም የሚያትም ትልቅ ማተሚያ ከውጭ እናዝዛለን። የድርሻው ገንዘብ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው የሚውለው።»

«መቼ ይመጣል?»

«ፈቃዱ ከተገኘ በስድስት ወር። ምናልባት በዓመት።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ አበባው ስክሪን ላይ ታይቶ ይቀራል።»

አባቴ ያልተገዛ፣ ፈቃድ ያልወጣለት፣ ማንም በዓይኑ ያላየው ማተሚያ ሊገዛ ነው ሐጁን የሚተወው። ይኼኔ ይነሣና እንሂድ ይላል ብዬ አየሁት። ንቅንቅ አላለም። ቄሱ ናቸው የተነሡት። «ዛሬ መልስ የለንም። ሄደን፣ ተመካክረን እንልክብሃለን» አሉ። ኢንጂነሩ በር ድረስ ሸኘን፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል።

አውቶቡስ ውስጥ ቄሱ አባቴን፣ «ምነው፣ የምትጠይቀው የለህም እንዴ?» አሉት። «የኔ ጥያቄ አንድ ናት። በሁለተኛው ቀን ነው የምጠይቀው» አላቸው። እኔ በመስኮት ሐረጎን እያየሁ አኩርፌ ደሴ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ዲዛይን ክፍል በር ላይ ቆሟል። «እህቴ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«ምኑን?»

«እምቢ አሉኝ እኮ። ማታውን ለጓደኛዬ ነገርኩት፤ መጋዘኑን ለባለቤቱ መልሰን ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። በኛ አገር ሴት ልጅ ስትጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ልቡ ቢፈልግ እንኳ ሽማግሌዎቹን አንዴ ይመልሳቸዋል፤ የማይመልስ ከሆነ ልጁን የጠላት ነው የሚመስለው። የተመለሰው ደግሞ እሰየው፣ ተስፋ አለ ብሎ ይሄዳል። ይሄ ምስኪን ግን ተመለሱ ማለት ውጡ ማለት መስሎት ሻንጣውን ሊያስር ነው። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። ጨርሶ ሳያምነኝ፣ ዓይኑ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ፊልም ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቀዩ አበባ ነው።»

«ይሄ እኮ ጥቁር ነው።»

«ሁሉም ጥቁር ነው። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ቅጠሉም። እኛ ጋ ያለው ብርሃን እንዳያሳልፍ ብቻ ነው የሚፈለገው። ቀለሙ የሚገባው ማተሚያ ክፍል ነው፤ ለያንዳንዱ ወንፊት የየራሱ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በጥቁር ብቻ የሚያትም ማተሚያ አለኝ» አለ። «ትንሽ ናት። ይቺን አሳይቼ ማንን አሳምናለሁ ብዬ ጥግ ላይ ሸፍኛታለሁ።»

ተናደድኩ። «አዳራሽ ሰብስበህ አበባ ስታሳየን ዋልክ። ሥራውን የሚሠራው ሰው በር ላይ ብቅ ብትል ምን ነበረበት? ለኛ የሚሆን ማሽን እኛን ሳትጠይቅ ነው የምትሠራው?» አልኩት። እኔ ራሴም ግን ቀጥ ብዬ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም፤ ሰውየው አዳራሽ ሲመጣ በጥያቄ ፋንታ ጭብጨባ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «የምታትመው ግን ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ብርሃን አያሳልፍም» አለ። «ዘይት ይቀባል» አልኩት። ፊልም ሲጠፋ እኛ የምናደርገው ነው። ስስ ወረቀት የኑግ ዘይት ተቀብቶ ሲደርቅ ብርሃን ቁልጭ አድርጎ ያሳልፋል።

በዚያው ሳምንት አለቃችንን አስፈቅጄ ሞከርነው። የመጀመሪያው ከሸፈ። ማተሚያዋ ጥቁሩን የምታወጣው በነጥብ በነጥብ ነው፤ በነጥቦቹ መሀል ብርሃን ሾልኮ አበባው የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት መሰለ። ሁለተኛው ላይ ክፍተቱን በብዕር እየደፈንኩ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ኢንጂነሩ ፕሮግራሙን ቀይሮ ሁለቴ ደጋግማ እንድታትም አደረጋት፤ ለኔ የቀረው ጠርዝ ጠርዙን ማስተካከል ብቻ ሆነ። የአበባው አምስት ቀለሞች፣ አምስቱም ወረቀት፣ በሁለት ቀን አለቀ። ቅጠሉ ከአበባው ትንሽ ሸሽቶ ነበር፤ ግን አበባ ነው፣ ጨርቅ ላይ የወጣ አበባ። ከኔ ጋር የሚሠሩት ሴቶች ጨርቁን እየተቀባበሉ ዳሰሱት።

ኢንጂነሩ ዓርብ ከሥራ መልስ ያንን ጨርቅ ጠቅልሎ ደሴ፣ ቤታችን መጣ። አባቴ በረንዳው ላይ ነው፤ ቄሱም ሰምተው መጥተዋል። ጨርቁን ዘረጋላቸው። አባቴ እንደ ልብስ ሰፊነቱ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ጠርዙን በጣቱ ፈተገ። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው።

«ይጠይቁ አባቴ።»

«ይሄ ማሽን የልጄን ዓይን ያሳርፋል?»

እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ የማደርገው ጠፋኝ።

«ደብዳቤ ስታነብልኝ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር እያስጠጋች ነው» አለ አባቴ። «ለኔ አትነግረኝም። ስለ ማሽኑ የነገረችኝ ቀን ግን ፊቷን አየሁት። ሌላው ጥያቄ የቄሱ ነው። የኔ ይሄ ነው።»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ አባቴ። «አላታልልዎትም። ስክሪኑም ዓይን ያደክማል። ግን የሦስት ሳምንቱ ሥራ ሁለት ቀን ሆኗል። ቀሪውን ቀን ዓይኗ ያርፋል።»

«ሁለት ቀን ጥሩ ነው» አለና አባቴ ከኮቱ ኪስ የባንክ ደብተሩን አወጣ። ወላሂ፣ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ገንዘብ አማረህ ያልኩት ሰው ነው።

ኢንጂነሩ ደብተሩን አልነካውም። «የትልቁ ማተሚያ ነገር ቀርቷል» አለ። «እሷ ባትጠይቀኝ ኖሮ የርስዎንም የሌላውንም ሰው ገንዘብ ለማያስፈልገን ዕቃ አውጥቼ ነበር። ለቀረው ሥራ ያለን ይበቃናል። እርስዎ ሐጅዎን ይሂዱ። እሷን ግን ማሽኑ ፊት የምትቀመጥ ሰው አድርጌ እፈልጋታለሁ።» አባቴ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቄሱ ቀደሙት። «በሁለተኛው ቀን እሺ ማለት ይቻላል። እሺ በል» አሉት።

ኩባንያው ትልቅ አልሆነም። ስምንቱን ሰሌዳ ሠርቶ ስድስቱን ሸጠ፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ፍሬዎቹም ሳይመጡ ቀሩ። እኔ ግን የዚያችን ማሽን ወንበር ይዤ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለሌሎቹ ሦስት ሴቶችም አስተምሬያለሁ። መነጽርም አደረግሁ፤ ለአለቃዬ በግልጽ ነግሬ።

አባቴ ክፍያውን ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው አስገባ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የበደለውንም ያልበደለውንም እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል፤ የሰው ቂም ተሸክሞ አይሄድም። አባቴም ቧንቧ ውሃን ከላይ እስከ ታች በር በር እያንኳኳ ዞረ። ሱሪ አሳጥሮበት የተጣላውን ሰውዬ ሳይቀር ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ቄሱን ሲያቅፋቸው እሳቸውም አለቀሱ፤ «እዚያ ስትደርስ እኔንም አንሣኝ» አሉት።

ከሁሉ በመጨረሻ እኔ ጋ መጣ። ዕቃውን እያሰርኩለት ነበር። «ልጄ፣ አፉ በይኝ» አለኝ።

«በምኑ ነው አፉ የምልህ? ምን በደልከኝ?»

«ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ መርፌዬ ውስጥ ክር ያስገባሽልኝ አንቺ ነሽ። የኔ ዓይን ሲደክም ያንቺን ተጠቀምኩበት። አፉ በይኝ።»

እንባዬ መጣ፤ ገመዱን ለቀቅሁት። አፉ ብያለሁ አባዬ አልኩት፣ ሦስት ጊዜ፣ ደንቡ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ፣ «እኔስ?» አልኩት። «ያኔ ቁርስ ላይ ያልኩህን። እኔንስ አፉ በለኝ።»

የወደቀውን ገመድ አንሥቶ በእጄ አስያዘኝ።

«አንቺንማ» አለ፣ «ገና ስትጮኺብኝ ነው አፉ ያልኩሽ።»